ከፕሮፎርማው ጋር ተያይዞ የሚገባው፦ ትሮጃን በእንስሳት ነጋዴው ኮምፒውተር ከመተማ እስከ ባሕሪ

ከብቱ ከመድረሱ በፊት ወረቀቱ ይደርሳል። ከመተማ ገላባት ተሻግሮ በገዳሪፍ በኩል ወደ ካርቱም የሚጫን ሰንጋም ሆነ በግ፣ ፕሮፎርማው፣ የጤና ሰርተፍኬቱና የክፍያ ማዘዣው በኢሜይል ወይም በዋትስአፕ ቀድሞ ይላካል። ባሕሪ ያለው ተቀባይ ወይም ትራንዚተር ፋይሉን ይከፍታል፤ ማተሚያ ከሌለው በፍላሽ ገልብጦ ኮፒ ቤት ይወስደዋል፤ የተፈረመበትን ስካን አስደርጎ በዚያው ፍላሽ ይመልሰዋል። ትሮጃን የሚባለው ጎጂ ፕሮግራም የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። ከብቱ በየኬላው ሐኪም ያየዋል። ወረቀቱን የሚያይለት የለም።

ከዋናዋ ካርቱም ዓባይን ተሻግሮ በስተሰሜን ያለችው ባሕሪ ለዚህ ንግድ ተራ ሰፈር አይደለችም። በሰሜን ጫፏ የከደሮ ቄራና ኳራንቲን፣ በምሥራቋ የወተት ላሞች አካባቢ የሆነችው ሒለት ኩኩ፣ በሻምባት የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ፣ በመሐሏ ደግሞ ትልቅ የኢንዱስትሪ ክልል አላት። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የተነሳው ጦርነት ከተማዋን ከባድ ውጊያና ዘረፋ ውስጥ ከተታት፤ የሱዳን ጦር መልሶ የያዛት በ2025 መጀመሪያ ነው። ባለቢሮዎች ሲመለሱ ካገኟቸው ችግሮች መካከል ኮምፒውተር ትንሹ ይመስላል። ሆኖም ገንዘብ የሚታዘዘው በእሱ በኩል ነው።

ስሙ የመጣው ከጥንቱ የትሮይ ከተማ ታሪክ ነው። ግሪኮች ከተማዋን በጦር ማስገበር ሲያቅታቸው ትልቅ የእንጨት ፈረስ ሠርተው ከበሩ ላይ ትተው ሄዱ፤ የከተማዋ ሰዎች ራሳቸው ጎትተው አስገቡት፤ ሆዱ ውስጥ ወታደር ነበር። ማንም ነጋዴ ጥርሱን ሳያይ፣ ከየት መጣ ብሎ ሳይጠይቅ ፈረስ ወደ ግቢው አያስገባም። ትሮጃን ከሌላው የኮምፒውተር ቫይረስ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሩን ሰብሮ አይገባም፣ ባለቤቱ በእጁ ነው የሚከፍትለት። ስለዚህ ጥያቄው «ኮምፒውተሩ ምን ያህል ጠንካራ ነው?» ሳይሆን «ሰውየው ምን አይቶ ከፈተ?» የሚለው ነው።

ምን አይቶ ከፈተ?

በንግድ ቢሮ የተለመደው ማታለያ ኢሜይል ነው። ርዕሱ የሚጠበቅ ነገር ይሆናል፤ የዋጋ ጥያቄ፣ የተሻሻለ ፕሮፎርማ፣ የባንክ ማረጋገጫ። ተያይዞ የመጣው ፋይል የፒዲኤፍ ምልክት አለው፣ ስሙም በፒዲኤፍ ያበቃል። ዊንዶውስ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ የፋይል ስም የመጨረሻ ቅጥያን እንዲደብቅ ተደርጎ ነው። «ፕሮፎርማ ነጥብ ፒዲኤፍ ነጥብ ኢኤክስኢ» የሚል ፋይል በስክሪኑ ላይ «ፕሮፎርማ ነጥብ ፒዲኤፍ» ብቻ ሆኖ ይታያል። ኢኤክስኢ ማለት ፕሮግራም ማለት ነው፤ ሲነካ አይነበብም፣ ይሠራል። በማንኛውም የፋይል መስኮት «ቪው» ከሚለው ውስጥ ቅጥያዎች እንዲታዩ ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ምክሮች ሁሉ በጥቅም ከዋጋው የሚበልጠው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አንዳንድ ጊዜ ፋይሉ ዚፕ ወይም ራር ሆኖ ይመጣል፣ የሚከፈትበት የይለፍ ቃል ደግሞ እዚያው ኢሜይል ላይ ተጽፎ። ለጥንቃቄ የተደረገ ይመስላል። እውነቱ አንቲቫይረሱ ውስጡን እንዳያይ መቆለፉ ነው። ሌላው መንገድ የዎርድ ወይም የኤክሴል ሰነድ ነው፤ ሲከፈት ይዘቱ የደበዘዘ ይሆንና «ለማየት ኢኔብል ኮንተንት የሚለውን ይጫኑ» ይላል። ያ ቁልፍ ሰነዱ ውስጥ የተደበቀውን ማክሮ ያስነሳል። ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት የመጡ ሰነዶች ማክሮ በራሱ እንዲታገድ ያደረገው በ2022 ነው፤ አሮጌ ኦፊስ የሚጠቀም ቢሮ ያ አጥር የለውም።

አሮጌ ኦፊስ በባሕሪ ለምን በዛ የሚለው የራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ እስከ ኦክቶበር 2017 ቆይቷል። በእነዚያ ሃያ ዓመታት የካርቱም ነጋዴ በቪዛ ወይም በማስተር ካርድ የሶፍትዌር ፈቃድ ገዝቶ መክፈል አይችልም ነበር፤ ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎችም የማውረጃ ገጾቻቸውን ለሱዳን ዘግተው ነበር። በ2015 ለመገናኛ መሣሪያዎችና ሶፍትዌሮች ላላ ቢባልም ልማዱ ቀድሞ ሥር ሰዷል። ልማዱ ክራክ ነው፤ የተሰበረ ዊንዶውስ፣ የተሰበረ ኦፊስ፣ የተሰበረ አንቲቫይረስ ሳይቀር። በኢትዮጵያ ማዕቀብ አልነበረም፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ግን ነጋዴውን እዚያው ቦታ ላይ አድርሶታል። የክራኩ መመሪያ የመጀመሪያ መስመር ሁልጊዜ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚል ነው። ከብት ከማስገባት በፊት ሐኪሙን ከበር አሰናብት እንደማለት ነው። አንዳንዱ ክራክ ከተባለው በላይ ምንም የለበትም፤ ሌላው ግን ትሮጃኑን ይዞ ይገባል፣ ሁለቱን ለይቶ ማወቂያ ደግሞ ነጋዴው እጅ ላይ የለም።

ሦስተኛው መንገድ ፍላሽ ነው። ከ2013 ገደማ ጀምሮ በአረብኛ ተናጋሪው ዓለም በሰፊው የተዛመቱ ኤንጄራት እና ሁዲኒ የሚባሉ ሁለት ፕሮግራሞች አሉ። ማይክሮሶፍት ብላዳቢንዲና ጄንክሰስ ብሎ ይጠራቸዋል። በጁን 2014 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ፈቅዶለት የሚታዘዙባቸውን የኢንተርኔት አድራሻዎች በያዘ ጊዜ፣ ባለፉት 12 ወራት ብቻ በዓለም ዙሪያ 7.4 ሚሊዮን ጊዜ ተገኝተዋል ብሎ ነበር። ሁዲኒ ፍላሽ ላይ ሲያርፍ የሚሠራው ተንኮል ቀላል ነው። እውነተኞቹን ፎልደሮች ይደብቃል፣ በቦታቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው አቋራጮችን ያስቀምጣል። ሰውየው «የከደሮ ሰነዶች» የሚለውን ሲነካ ፎልደሩ እንደ ወትሮው ይከፈታል፤ ከጀርባው ግን ፕሮግራሙም አብሮ ተነስቷል። ኮፒ ቤት የሄደ ፍላሽ ተመልሶ ሲሰካ በፎልደሮቹ ምልክት ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ከታየች ጉዳዩ ይህ ነው። አስር ቢሮ የሚጠቀምበት ኮፒ ቤት ደግሞ አስር መንጋ የሚጠጣበት ኩሬ ማለት ነው።

ከገባ በኋላ

ትሮጃን እንደገባ ኮምፒውተሩን አያበላሽም። እንዲያውም እንዲበላሽ አይፈልግም። ራሱን በማይታይ ፎልደር ውስጥ ይገለብጣል፣ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር አብሮ እንዲነሳ ስሙን በዊንዶውስ ማስነሻ ዝርዝር ውስጥ ያስገባል፣ ከዚያም ወደ ጌታው ደውሎ ትእዛዝ ይጠብቃል። የሚተየበውን ፊደል ሁሉ ይመዘግባል፣ ስክሪኑን ፎቶ ያነሳል፣ ብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃላትን ይሰበስባል። ኤንጄራት ካሜራና ማይክሮፎንም ይከፍታል።

ይህ ወሬ እንዳልሆነ የሚያሳዩ፣ ኢትዮጵያውያንን የነኩ በደንብ የተመዘገቡ ጉዳዮች አሉ። በዲሴምበር 2013 በውጭ አገር ይሠራ በነበረው የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ላይ በስካይፕ የተላከው ፋይል ሰነድ መስሎ የመጣ ፕሮግራም ነበር። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ መርምሮ የሚላኑ ሃኪንግ ቲም ኩባንያ ሥራ መሆኑን በፌብሩዋሪ 2014 አሳወቀ። በጁላይ 2015 ከዚያው ኩባንያ የወጡ የውስጥ ሰነዶች የኢትዮጵያም የሱዳንም መንግሥታዊ ተቋማት ደንበኞቹ እንደነበሩ አሳዩ፤ ድንበሩን ከሁለት ወገን ይዞ ለሁለቱም የሸጠ ነጋዴ ማለት ነው። በ2017 ደግሞ ሌላ ኩባንያ የሠራው መሰል መሣሪያ የፍላሽ ፕሌየር ማሻሻያ መስሎ ተልኮ ነበር።

ከሁሉም ትምህርት የሚገኝበት ግን በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት ኪዳኔ በሚል መጠሪያ እንዲከስ ፈቅዶለታል። ከሌላ ሰው የተላለፈለትን የዎርድ ሰነድ ከፈተ፤ ፊንስፓይ የተባለው ፕሮግራም ከ2012 መጨረሻ እስከ ማርች 2013 ለወራት በቤቱ ኮምፒውተር ላይ የስካይፕ ንግግሩንና ጽሑፉን ሲቀዳ ቆየ። የሲቲዝን ላብ ዘገባ ከወጣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ፕሮግራሙ ራሱን እንዲያጠፋ ከርቀት ታዘዘ። ነገር ግን አጥርቶ አልጠፋም፤ የቀረው ዱካ ነው ለክሱ ማስረጃ የሆነው። ክሱ ራሱ በ2017 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዘንድ በውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት ምክንያት ተዘጋ። ለነጋዴው የሚጠቅመው ፍሬ ነገር ሌላ ነው። ሰነዱ የመጣው ከሚታወቅ ሰው ነበር። ለወራትም ምንም ምልክት አልታየም።

የእንስሳት ነጋዴን የሚሰልል መንግሥት ብዙም የለው ይሆናል፤ የሚሰልለው ሌባ ነው፣ የሌባ መሣሪያ ደግሞ ርካሽ ነው። በኖቬምበር 2020 ኢንተርፖል ሌጎስ ውስጥ ሦስት ሰዎች መያዛቸውን ሲያስታውቅ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ተጠቂዎች መለየታቸውን ተናግሯል። ይልኳቸው የነበሩት ኢሜይሎች የግዢ ትእዛዝና የምርት ጥያቄ የሚመስሉ ነበሩ። ከተጠቀሙባቸው ፕሮግራሞች አንዱ ኤጀንት ቴስላ ሲሆን ዋና ሥራው የይለፍ ቃል መልቀም ነው።

የለቀመው የይለፍ ቃል ወዴት ይሄዳል? ወደ ኢሜይሉ። ሌባው ይገባና ምንም ሳይነካ ያነባል። ማን ለማን ይሸጣል፣ በምን ቋንቋ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ጭነቱ መቼ ነው። ሳምንት ወይም ወር ይጠብቃል። ክፍያ ሊታዘዝ ሲል «የባንክ ሂሳባችን በኦዲት ምክንያት ተለውጧል፣ እባክዎ በዚህኛው ያስገቡ» የሚል ደብዳቤ ከነማኅተሙ ይደርሳል። ከራሱ ከሻጩ ኢሜይል የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አንድ ፊደል ብቻ የተለወጠ አድራሻ። ሻጩ እንዳይነቃ ደግሞ «ባንክ» ወይም «ክፍያ» የሚል ቃል ያለበት መልስ ሁሉ ወደ ሌላ ፎልደር እንዲሄድ በኢሜይሉ ውስጥ ትእዛዝ ጽፎ ያስቀምጣል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በ2023 ብቻ ለእንዲህ ዓይነቱ ማጭበርበር 21,489 አቤቱታ ተቀብሏል፤ የተመዘገበው ኪሳራ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

እዚህ ላይ ሂሳቡን በነጋዴ ዓይን ማየት ይገባል። ከአንድ ጭነት የሚገኘው ትርፍ ከመቶ 5 ነው ቢባል፣ የአንድ ጭነት ክፍያ ሌላ ኪስ መግባቱ የ20 ጭነት ትርፍ ይበላል። የ20 ጭነት ትርፍ ማለት ለብዙ ሰው የዓመት ልፋት ነው። በዚያ ላይ ገንዘቡ ጠፍቶም ከብቱ መብላቱን አያቆምም፤ ገዢ «ከፍያለሁ» ሻጭ «አልደረሰኝም» ሲባባሉ መንጋው ኳራንቲን ውስጥ ቆሞ የመኖ፣ የውሃና የጠባቂ ይቆጥራል፣ ክብደትም ይጥላል።

እንዴት ይወጣል?

አብዛኛው ሰው ቫይረስ ሲጠረጥር የሚያደርገው አንቲቫይረስ ጭኖ ማስፈተሽ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። በሽታ ሲጠረጠር መጀመሪያ እንቅስቃሴ ይታገዳል፣ ከዚያ ጎረቤት ይነገረዋል፣ ሕክምናው ቀጥሎ ነው። እዚህም እንደዚያው ነው።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ይለያል፤ ገመዱ ይነቀላል ወይም ዋይፋዩ ይጠፋል። በዚያ ኮምፒውተር የይለፍ ቃል መቀየር ከንቱ ነው፤ አዲሱም ሲተየብ ይመዘገባል። ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ የኢሜይሉ የይለፍ ቃል ይቀየራል፣ ቀጥሎ የባንኩ። የኢሜይሉ ቅድሚያ ያለምክንያት አይደለም፤ የሌሎቹ ሁሉ የይለፍ ቃል የሚታደሰው በእሱ በኩል ነው። ከዚያ በኢሜይሉ ማስተካከያ ውስጥ ሁለት ነገር ይታያል፤ ደብዳቤ ወደ ሌላ አድራሻ እንዲተላለፍ የታዘዘ ነገር አለ ወይ፣ ባለቤቱ ያልጻፈው ማጣሪያ አለ ወይ። ይህን ሳያዩ ኮምፒውተሩን አሥር ጊዜ ፎርማት ማድረግ ምንም አይጠቅምም። ሌባው ኮምፒውተሩን ከእንግዲህ አይፈልገውም፣ ደብዳቤው በራሱ ይደርሰዋል።

ቀጥሎ ስልክ ነው። ክፍያ በመንገድ ላይ ካለ ባንኩና በወዲያኛው ወገን ያለው ሰው በዚያው ሰዓት ይነገራቸዋል፤ ቁጥሩ የሚወሰደው ከቀድሞ ስልክ ማውጫ እንጂ ከኢሜይሉ ግርጌ አይደለም። እዚህ ላይ ነጋዴው ይቸገራል። «ኮምፒውተሬ ተነካ» ማለት ስም ያጠፋል ብሎ ይሰጋል፤ ልክ አፍተግር የገባበት ገበሬ ገበያ እንዳይዘጋበት ዝም እንደሚለው። ዝምታው ግን ውድ ነው። በ2023 የኤፍቢአይ ክፍያ አስመላሽ ቡድን ከያዛቸው 3,008 ጉዳዮች ውስጥ ከተላከው ገንዘብ 71 በመቶውን ማሳገድ ችሏል፤ ለዚህ ደግሞ አቤቱታው ፈጥኖ መድረሱ ወሳኝ ነው። ያ የአሜሪካ ባንኮች አሠራር ነው። በሐዋላ ወይም በካርቱም ባንክ ባንከክ መተግበሪያ ወጥቶ ወዲያው ጥሬ ገንዘብ የሆነ ክፍያ እንዲህ አይመለስም፤ በእኛ መንገድ ሰዓቱ ከዚያም ያጠረ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ኮምፒውተሩ የሚመጣው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» የሚባል ፍተሻ አለ፤ ክፍያ የለውም። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ከመነሳቱ በፊት ይፈትሻል፤ ትሮጃኑ ገና ስላልነቃ መደበቅም መከላከልም አይችልም። ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በታስክ ማኔጀር ገብቶ እንግዳ ስም እየፈለጉ በእጅ መዝጋት ግን የሚመከር አይደለም። ኤንጄራት በግድ ሲዘጋ ኮምፒውተሩን በሰማያዊ ስክሪን እንዲጥል ተደርጎ ሊሠራ ይችላል፣ ስሙም የዊንዶውስ የራሱን ፕሮግራም ሊመስል ይችላል።

ፍተሻው «ጸድቷል» ካለ በቂ ነው ወይ? ለልጆች መጫወቻ ኮምፒውተር ይበቃ ይሆናል። የባንክ ሥራ ለሚሠራበት አይበቃም። ከአፍተግር ያገገመ ከብት ጤነኛ መስሎ ቫይረሱን በጉሮሮው ይዞ ሊቆይ እንደሚችል ሁሉ፣ አንድ ትሮጃን ሌላ ጠርቶ አስገብቶ ሊሆን ይችላል፤ የተገኘው አንዱ ብቻ ቢሆንስ? በዚህ ጉዳይ ፎርማት ማድረግ ከሕክምናው ይረክሳል። ሰነዶች ብቻ፣ ማለትም ዎርድ፣ ኤክሴል፣ ፒዲኤፍና ፎቶ፣ ወደ ውጭ ይገለበጣሉ፤ ፕሮግራምና ክራክ አይገለበጥም። ከዚያ ዊንዶውስ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ከማይክሮሶፍት ገጽ ወርዶ በተዘጋጀ ፍላሽ እንደ አዲስ ይጫናል። ግማሽ ቀን ሥራ ነው። የጥገና ቤቱ ባለሙያ «ፎርማት አድርጌዋለሁ» ብሎ የበፊቱን ክራክ መልሶ ከጫነበት ግን ከብቱን አጥቦ ወደዚያው ኩሬ መመለስ ሆነ፤ ይህን ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማብቃቱም እዚህ ላይ መታሰብ አለበት፤ መቼም ፎርማት ከተደረገ፣ ማሽኑ ከቻለ ወደ 11 ማለፉ ይሻላል።

ፍላሾቹ አይረሱ። በቢሮው ያሉ ፍላሾች ሁሉ እንደ አንድ መንጋ ይቆጠራሉ፤ አንዱ ሳይጸዳ ከቀረ ሁሉም ይመለስበታል። የተደበቁ ፎልደሮች እንዲታዩ ተደርጎ ሰነዶቹ ከወጡ በኋላ ፍላሾቹ ፎርማት ይደረጋሉ። ለኮፒ ቤት አንድ የተለየ ፍላሽ መመደብና ሲመለስ ሳይፈተሽ ሰነድ ያለበት ኮምፒውተር ላይ አለመሰካት ርካሹ ኳራንቲን ነው።

ስልኩስ?

በዚህ ንግድ ውስጥ ብዙ ሰው ኮምፒውተር የለውም፤ ቢሮው ስልኩ ነው። ስልክ ላይ ትሮጃኑ የሚመጣው በአብዛኛው ከፕሌይ ስቶር ውጭ በሚጫን መተግበሪያ ነው። ጂቢ ዋትስአፕና መሰሎቹ ሁለት ቁጥር ስለሚያስይዙና ተጨማሪ ነገር ስላላቸው በሁለቱም አገር ይወደዳሉ። ካስፐርስኪ በ2021 ኤፍኤም ዋትስአፕ በሚባለው በአንዱ እትም ውስጥ፣ በ2022 ዮ ዋትስአፕ ውስጥ ትሪያዳ የተባለ ትሮጃን አግኝቷል። በ2023 ደግሞ በአረብኛ ቴሌግራም ቻናሎች በተሰራጩ የተቀየሩ ዋትስአፖች ውስጥ የስለላ ፕሮግራም ተገኘ፤ በኦክቶበር ወር ብቻ ከ340 ሺህ በላይ የጥቃት ሙከራ ተመዝግቧል። ሁለት ቁጥር ለሚያስፈልገው ነጋዴ የዋትስአፕ ቢዝነስ መተግበሪያ ከዋናው ጎን ሊጫን ይችላል፤ ገንዘብ አያስከፍልም። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የተላከ የኤፒኬ ፋይል፣ የባንክ መተግበሪያ «አዲስ እትም» ነው ተብሎም ቢሆን፣ አይጫንም። ከተጫነና «አክሰሲቢሊቲ» ፈቃድ ከጠየቀ፣ ስክሪኑን ማንበብና በባለቤቱ ፈንታ መንካት ፈልጎ ነው። አልወጣ ካለ ስልኩ በሴፍ ሞድ ይነሳና ይሰረዛል፤ ካልሆነ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመለሳል።

በኢትዮጵያ በኩል እንዲህ ያለ ጥቃት የሚነገረው ለኢንሳ ነው፤ ድርጊቱም በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። ከድንበሩ ማዶ ግን ነጋዴው በራሱ ጥንቃቄ ላይ ነው የሚቆመው።

ለባሕሪ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሲባል ብዙው ሰው በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ያስባል። በፌብሩዋሪ 2024 የሱዳን የስልክ ኔትወርኮች ሲጠፉ ሰው በስታርሊንክ ዋይፋይ ኢሜይሉን ከፍቶ ኮዱ ግን አልደርስ ብሎት ደጅ ቀርቷል። ጎግል ኦተንቲኬተርን የመሰለ መተግበሪያ ኮዱን የሚያወጣው ስልኩ ውስጥ ነው፣ ኔትወርክ አይፈልግም። ኢሜይሉ የሚሰጣቸው የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ታትመው ከንግድ ፈቃዱ ጋር ቢቀመጡ ስልክ ቢጠፋም ይከፍታሉ።

በዘረፋው የሄዱ ኮምፒውተሮች ደግሞ ትሮጃን እንኳ አያስፈልጋቸውም። በ2023 ከባሕሪ ቢሮ የተወሰደ ላፕቶፕ ላይ ኢሜይሉ ሳይዘጋ ቀርቶ ከሆነ፣ ዛሬ ማሽኑን ገዝቶ የከፈተ ሰው የቢሮውን ደብዳቤ እያነበበ ሊሆን ይችላል። በአካውንቱ የደህንነት ገጽ ላይ የገቡበት መሣሪያዎች ዝርዝር አለ። አሁን በእጅ የሌለ መሣሪያ ከታየ እዚያው ተነክቶ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ወዲያው የይለፍ ቃሉ ይቀየራል፣ ከዚያ በሒለት ኩኩም፣ በከደሮም፣ በመተማም ላሉት ደንበኞች በስልክ ይነገራል፤ የባንክ ሂሳባችን አልተለወጠም፣ ተለወጠ የሚል ደብዳቤ ከደረሳችሁ ደውሉ።